ስንዴው ደረሰ ማለት ተበላ ማለት አይደለም፦ ስለ አረጋውያን የምግብ ድጋፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ጠዋሪ ላጡ አረጋውያን በቀበሌ በኩል ምግብ ስለማድረስ ሲነሳ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን የሚባለው ተመሳሳይ ነው። አብዛኛው ግን ስህተት ነው።

«ልጅ ያላቸው አይመዘገቡም።»

ልጅ መኖሩና ልጅ መጦሩ ለየቅል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና ድሬዳዋ ላይም የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ግን የትኛዋ እናት ናት ልጇን ፍርድ ቤት የምታቆመው? ልጁስ ጅቡቲ በቀን ሥራ የሚንከራተት ከሆነ? መዝጋቢው «ልጅ አለዎት?» ከሚል «ባለፈው ወር ማን ምን ላከልዎት?» ቢል ይሻላል።

«ሴፍቲኔት መጥረጊያ ይዞ መንገድ ለሚጠርግ ነው።»

አይደለም። ድሬዳዋና ሐረር የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት የድሆች ድጋፍ ፕሮግራም ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች መካከል ናቸው። ፕሮግራሙ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕሙማን ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለው። ሥራ አይጠየቅበትም።

«ምጽዋት ነው፤ የሰጡትን መቀበል ነው።»

ሕገ መንግሥቱን ይመልከቱ። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል።

«ስንዴው ከታደለ ሥራው አለቀ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው። 25 ኪሎ ጆንያ ተሰጠ እንበል። ቤት ለማድረስ ባጃጅ ይፈልጋል። ከዚያ መልቀም፣ ማጠብ፣ ማስጣት፣ ወፍጮ ቤት መውሰድ፣ ማስፈጨት አለ። ከሰሉስ? ዓይናቸው የደከመ እናት ጠጠሩን እንዴት ይልቀሙት? የባጃጁንና የወፍጮውን ለመክፈል የተወሰነውን ሲሸጡ ደግሞ «ሸጡት እኮ፣ አልራባቸውም!» ይባላል። ፍርደ ገምድል! የተፈጨ ዱቄት፣ ሽሮ፣ የምስር ክክና ዘይት በትንሽ በትንሹ እቤት ድረስ ቢሄድ ግማሹ ጣጣ ይቀራል። ጥርስ ለሌለው ሰው ንፍሮ ምን ያደርግለታል?

«ሽማግሌ ምን ይበላል? ሻይና ዳቦ ይበቃዋል።»

ዕድሜ ሲገፋ የሚቀንሰው የጉልበት ሰጪ ምግብ ፍላጎት እንጂ የፕሮቲን አይደለም። ለ50 ኪሎ ሰው በቀን 50 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ሻይና ዳቦ አይሞላውም። የስኳር መድኃኒት የወሰደ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ከዋለ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ብዙ አረጋውያን ጥሙ በቶሎ ስለማይሰማቸው ውሃ አስታውሶ የሚሰጥ ሰው ይፈልጋሉ።

«በዓል ሲመጣ ማዕድ እናጋራለን።»

ደግ ነው። በማግስቱስ?

«ችግረኛ ከሆኑ ራሳቸው ይመጣሉ።»

አልጋ የያዘ ሰው ለምዝገባ የቀበሌ ስብሰባ አይወጣም። አንዳንዱም ይሉኝታ ይዞት ከደጁ አይወጣም። እነሱን የሚያውቀው እድሩ፣ እንደ እድር ያለው የአካባቢው መረዳጃ አፎሻውና የጎረቤት ሱቅ ነው። ዝርዝሩ መጀመሪያ በእነሱ እጅ ይለፍ። ከስሙ ጎን ራሽኑን የሚቀበልላቸው ጎረቤት፣ የሚወስዱት መድኃኒትና የሚጾሙት ጾም ይጻፍ፤ በረመዳን እኩለ ቀን ላይ፣ በሁዳዴ ደግሞ ወተት ይዞ በር እንዳይንኳኳ።