ለጭቃ የሚታሰር የጎማ ሰንሰለት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴና ኮምቦልቻ ለቀናት ተጋግሮ የሚቆይ በረዶ ስለማያውቁ፣ የጎማ ሰንሰለት የውጭ አገር ዕቃ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ወረኢሉና ጃማ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባ መኪና ግን ዋልካው (የሚጣበቀው ጥቁር አፈር) ላይ በጣም ይጠቅመዋል። ዋልካ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል፤ ጎማውን አግድም የሚያቋርጡት የሰንሰለቱ ዘንጎች ደግሞ ያን ጭቃ እየሰበሩ ያራግፋሉ።

«መኪናው ሲያዝ ይታሰራል»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ጎማው ከተቀበረ በኋላ ሰንሰለቱን ከሥር ማሳለፍ አይቻልም፤ መጀመሪያ መቆፈር ግድ ይሆናል። ጭቃው ከመጀመሩ በፊት ደረቅና ሜዳ ቦታ ቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ታኮ አድርጉ። ሰንሰለቱን መሬት ላይ ዘርግታችሁ የተጠማዘዘውን ሁሉ ፍቱ፤ አንድ የተጠማዘዘ ዘለበት ጎማ ይበላል። ከዚያ ጎማው ላይ አልብሱት። የመንጠቆዎቹ ክፍት አፍ ወደ ውጭ ይዙር፤ ወደ ውስጥ ከዞረ የጎማውን ጎን ይቀደዋል። ታኮውን አንስታችሁ መኪናውን ግማሽ ሜትር ያህል አስኪዱ፣ እንደገና ያዙት። መጀመሪያ የውስጡን፣ ቀጥሎ የውጭውን መንጠቆ ቆልፉና አጥብቁ። ክሪክ አያስፈልግም።

50 ወይም 100 ሜትር ነድታችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁ። ሰንሰለት ቦታውን የሚይዘው ሲሽከረከር ስለሆነ መላላቱ አይቀርም። ይህን የዘለለ ሾፌር ፓራፋንጎው ሲደበደብ ይሰማል፤ ከዚያ የከፋው የፍሬን ቱቦ መበጠሱ ነው።

«ጎማውን ቢያስተነፍሱት ይቀላል»

ለማሰር ይቀል ይሆናል፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ንፋስ የታሰረ ሰንሰለት ጎማው ሲሞላ ያንቀዋል። በትክክለኛው ንፋስ ላይ እሰሩ። የሰንሰለቱ መጠንም ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት፤ «ይደርሳል» ተብሎ የሚገዛ ሰንሰለት ገንዘብ ማባከን ነው።

«የትኛውም ጎማ ላይ ቢሆን ያው ነው»

የሚታሰረው ሞተሩ የሚያሽከረክረው ጎማ ላይ ነው፤ አይሱዙ የኋላ፣ ቪትዝ የፊት። አንድ ጎማ ብቻ ማሰር መኪናውን ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ ግራና ቀኝ እኩል ይታሰር። ጥንድ የኋላ ጎማ ላይ የነጠላ ሰንሰለት በውጭኛው ይታሰራል፤ ለሁለቱ ጎማ ለጥጦ ማሰር ግን አይሆንም። ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ላይ የመኪናውን መመሪያ ተከተሉ።

«ሰንሰለት ካለ ነዳጅ መርገጥ ነው»

ባዶ የሚሽከረከር ባለ ሰንሰለት ጎማ መሬቱን እየቆፈረ መኪናውን ያሰምጠዋል፤ ድንገት ጠንካራ ነገር ሲነክስ ደግሞ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መሄድ ይሻላል። ጭቃው ዲፈረንሻሉ ድረስ ከደረሰ የመኪናው ሆድ መሬት ስለሚይዝ ሰንሰለት አያወጣውም። ወደ ጭቃው ከመግባታችሁ በፊት ረዳቱ በዱላ ይለካው።

«ሐረጎ ላይ በረዶ ከጣለ ይታሰር»

ሐረጎ የደሴ–ኮምቦልቻ አስፋልት የሚያልፍበት ተራራ ነው፤ አስፋልት ላይ የወረደ በረዶ ቶሎ ስለሚቀልጥ ዳር ይዞ መጠበቅ ይበቃል። ሰንሰለት ባዶ አስፋልት ላይ አስፋልቱንም ራሱንም ይበላል፣ ፍሬን ተይዞ ለመቆም የሚፈጀውን ርቀትም ያረዝማል። ከዋልካው ወጥታችሁ አስፋልት እንደረገጣችሁ ፍቱት። ታጥቦ፣ ደርቆና ዘይት ተቀብቶ ይቀመጥ፤ ውፍረቱ በግማሽ የሳሳ ዘንግ ካለ ለሚቀጥለው ክረምት አይታመንም።