ስለ ቴስት ክሪኬት የምንሳሳታቸው ነገሮች፣ ከደሴ

ደሴ ላይ ኳስ የማይወራበት ቡና የለም። አርሰናል፣ ማንቼ፣ ሊቨርፑል፤ ሁሉም ሰው ተንታኝ ነው። እኔ መሀል ገብቼ ቴስት ክሪኬት ሳነሳ ወሬው ቀጥ ይላል። ቀጥሎ አስተያየቱ ይዥጎደጎዳል፤ አብዛኛው ደግሞ ስህተት ነው። ጨዋታውን ከልቤ ስለምወደው አንድ በአንድ ላንሳቸው ብዬ ነው።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፦ አንዱ ቡድን ይመታል፣ ሌላው እየወረወረ መቺዎቹን ለማስወጣት ይታገላል። 10 ሰው ሲወጣ ተራው ያልቃል። ቴስት ላይ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት የመምታት ተራ አለው፤ ጨዋታው እስከ 5 ቀን ይሄዳል። ነጥቡ ራን ይባላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት፣ በእኛ ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ይሄማ የገና ጨዋታ ነው»

ዱላና ኳስ ስለሚታይ ነው። የገና ጨዋታ ጥንጓን እየመቱ ወደ ተጋጣሚ ክልል የማድረስ ትግል ነው፤ ዘመዱ ሆኪ ነው። ክሪኬት ላይ መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ይጠብቃል፤ እንጨቱ ከተመታ ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች ወጣ። ስለዚህ ዝምድናቸው ዱላው ላይ ያበቃል።

«5 ቀን ተጫውቶ አቻ? ጊዜ ማባከን ነው»

ይህን የማይለኝ ሰው የለም። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር።

ቴስት ላይ መጨረሻ የማይመታው ቡድን በነጥብ በመብለጥ ብቻ አያሸንፍም። መጨረሻ ላይ የሚመታውን ቡድን 10 ሰው ማስወጣት አለብህ፣ ያውም ጊዜው ሳያልቅ። ስለዚህ ማሸነፍ የማይችል ቡድን ሌላ ዓላማ ይኖረዋል፤ እሱም አለመሸነፍ ነው። ኳስ ላይ «አውቶቡስ አቆሙ» ብለን የምንናደደው ዓይነት መከላከል፣ እዚህ ቀኑን ሙሉ የሚፈተን ጀግንነት ነው።

በጥር 2021 ሲድኒ ላይ የተደረገውን የአውስትራሊያና የህንድ ጨዋታ ውሰዱ። የተጀመረው ልክ የገና ዕለት ነው። ህንድ በመጨረሻው ተራ 407 ራን ያስፈልጋት ነበር። 5 ሰው ከወጣባት በኋላ ሀኑማ ቪሃሪና ራቪቻንድራን አሽዊን ተገናኙ። ቪሃሪ የጭኑ ጅማት ተጎድቶ መሮጥ አቅቶታል። አሽዊን ጀርባውን ታሟል። ሁለቱ ሰዎች ከ40 ኦቨር በላይ ቆሙ። አንድ ኦቨር 6 ውርወራ ነው፤ አስሉት። ቪሃሪ 161 ኳስ ገጥሞ ያገኘው 23 ራን ብቻ ነው። አልወጡም። አቻ ተጠናቀቀ። ከዚያ በፊት በታኅሣሥ ወር አዴሌድ ላይ ህንድ በአንድ ተራ 36 ራን ላይ ተጠራርጋ ነበር። ያ አቻ ባይኖር ቀጥሎ የመጣው አይመጣም ነበር፤ እሱን ስለ ምርጫ ሳወራ እመለስበታለሁ።

ጊዜ ባይገደብስ የሚል ካለ፣ ተሞክሯል። በ1939 ደርባን ላይ ደቡብ አፍሪካና እንግሊዝ ገደብ የሌለው ቴስት ገጠሙ። መጋቢት 3 የተጀመረው እስከ መጋቢት 14 ሄደ። እንግሊዝ ለማሸነፍ ከሚያስፈልጋት 696 ራን 654 ላይ ደርሳ ሳለ ጨዋታው ቆመ። ምክንያቱ? ተጫዋቾቹን ወደ አገራቸው የሚወስደው መርከብ ሊሄድባቸው ነበር።

«የእንግሊዝ ባለጠጎች ጨዋታ ነው»

አመጣጡን መካድ አይቻልም። የመጀመሪያው ቴስት በ1877 ሜልቦርን ላይ በአውስትራሊያና በእንግሊዝ መካከል ነበር፤ አውስትራሊያ በ45 ራን አሸነፈች። ዛሬ ግን ቴስት የሚጫወቱት 12 ቡድኖች ናቸው። ባንግላዴሽ፣ ዚምባብዌ፣ ስሪላንካ፣ አፍጋኒስታን ሁሉ አሉበት።

ሻማር ጆሴፍን ተመልከቱ። ጉያና ውስጥ በጀልባ ብቻ የሚደረስባት ባራካራ የምትባል መንደር ነው ያደገው። ጥበቃ ሆኖ ሠርቷል። በጥር 2024 ለዌስት ኢንዲስ፣ ማለትም ለካሪቢያን አገሮች ጥምር ቡድን፣ ሲሰለፍ፣ በቴስት ሕይወቱ በወረወራት የመጀመሪያዋ ኳስ የአውስትራሊያውን ኮከብ ስቲቭ ስሚዝን አስወጣ። በቀጣዩ ጨዋታ ብሪዝበን ላይ ሲመታ ኳስ የእግሩን ጣት መታችውና ተደግፎ ወጣ። በማግስቱ ተመልሶ 7 ሰው አስወጣ። ዌስት ኢንዲስ በ8 ራን አሸነፈች፤ አውስትራሊያ ምድር ላይ ከ1997 ወዲህ የመጀመሪያዋ ድል ነበረች።

የእኛው አህጉርስ? በሰኔ 2025 ለንደን ሎርድስ ሜዳ ላይ የዓለም ቴስት ሻምፒዮና ፍጻሜን ያሸነፈችው ደቡብ አፍሪካ ናት። አምበሏ ቴምባ ባቩማ የኬፕታውን ላንጋ ሰፈር ልጅ ነው። ጭኑን ተጎድቶ እያነከሰ 66 ራን ሠራ። ከኤደን ማርክራም ጋር ሆነው አውስትራሊያን ጣሏት። እኔ ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በምንም አልለውጠውም።

«ምርጫ ቀላል ነው፤ ጎበዝ ጎበዙን 11 ማስገባት»

የደጋፊ ጭቅጭቅ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። እኔም ከጨዋታው ይልቅ አሰላለፉ ሲወጣ ነው ልቤ የሚመታው።

ሜዳው መሀል 20 ሜትር ገደማ የሚረዝም የተጠቀጠቀ መሬት አለ፤ ፒች ይባላል። መጀመሪያ ቀን ላይ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው፣ ትንሽ እርጥበትም ይይዛል፤ ፈጣን ወርዋሪዎች ይወዱታል። 4ኛና 5ኛው ቀን ላይ በበጋ እንደከረመ ዋልካ መሬት ይሰነጣጠቃል። ወርዋሪዎች ሲያርፉ ጫማቸው የቆፈረው ቦታ ይሻክራል። ኳስ እዚያ ላይ ስታርፍ ወዴት እንደምትታጠፍ ለማወቅ ያስቸግራል። ያኔ ኳስ አሽከርክሮ የሚወረውረው ሰው፣ ስፒነሩ፣ ጊዜው ይመጣለታል። እንግዲህ መራጩ ገና በመጀመሪያው ጠዋት የ5ኛውን ቀን መሬት መገመት አለበት።

ግምቱ ይስታል። በ2023 የዓለም ቴስት ሻምፒዮና ፍጻሜ ለንደን ኦቫል ሜዳ ላይ ሰማዩ ደመና ነበር፤ ደመና ለፈጣን ወርዋሪ ይመቻል ይባላል። ህንድ አራት ፈጣን ወርዋሪ ያዘችና ስፒነሩን አሽዊንን ውጭ አስቀመጠችው። ያኔ በደረጃ ሰንጠረዡ የዓለም ቁጥር አንድ ወርዋሪ እሱ ነበር! አውስትራሊያ በ209 ራን አሸነፈች። በመጨረሻው ተራ 4 ህንዳዊ ያስወጣው ማን ነው? ናታን ላየን፣ የአውስትራሊያው ስፒነር። በእኔ እምነት ያ ውሳኔ ስህተት ነበር፤ አንደኛ ወርዋሪህን ደመና አይቶ አያስቀምጡም። ግን ውሳኔው ከሜዳው እንጂ ከተጫዋቹ ችሎታ እንዳልመጣ መቀበል አለብኝ።

ሌላው ሰው የሚረሳው፣ እንደ ኳስ በ60ኛው ደቂቃ ቅያሪ የለም። ተተኪ ሜዳ ላይ ኳስ ሊይዝ ይችላል፤ መምታትና መወርወር ግን አይፈቀድለትም። ከ2019 ጀምሮ ጭንቅላቱን ተመትቶ ለተጎዳ ሰው ሙሉ ተተኪ ተፈቅዷል። የመጀመሪያው ማርነስ ላቡሼን ነው። ሎርድስ ላይ ስሚዝን ተክቶ ገብቶ 59 ራን ሠራ።

አሁን ወደ ህንድ ልመለስ። ከሲድኒው አቻ በኋላ፣ ቀጥሎ ለነበረው የብሪዝበን ጨዋታ ቪሃሪ የለም፣ አሽዊን የለም፣ ጃዴጃ የለም፣ ቡምራ የለም። አምበሉ ኮህሊ ልጅ ሊወለድለት ስለሆነ ቀደም ብሎ አገሩ ገብቷል። ለልምምድ ኳስ እንዲወረውር ተብሎ የተወሰደው ናታራጃን ሳይቀር ተሰለፈ። ከእሱ ጋር ዋሺንግተን ሱንዳርም የመጀመሪያ ቴስቱን ተጫወተ። አውስትራሊያ በዚያ ሜዳ ከ1988 ወዲህ ተሸንፋ አታውቅም ነበር። ህንድ 328 ራን አሳድዳ አሸነፈች፤ ሪሻብ ፓንት ብቻውን 89 ራን ሠራ። «ጎበዝ 11» የሚለው ሐሳብ ያን ዕለት ቤቱ ነበር የቀረው።

«አንዴ ከተበላሸ አበቃለት»

አጭር መልስ፦ የአውስትራሊያው ስፒነር ሼን ዋርን በ1992 የመጀመሪያ ቴስቱ 150 ራን ተቆጥሮበት አንድ ሰው ብቻ አስወጣ። ሲጨርስ 708 ሰው አስወጥቶ ነበር።

«ምርጫ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው?»

ባሲል ዶሊቬራ ኬፕታውን ተወለደ። በአፓርታይድ ሕግ «ክልስ» ተብሎ ስለተመደበ ለአገሩ መጫወት አልቻለም። በ1960 እንግሊዝ ሄደ፤ በ1966 ለእንግሊዝ ተሰለፈ። በነሐሴ 1968 ኦቫል ላይ አውስትራሊያ ላይ 158 ራን ሠራ። ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ቡድን ስም ሲጠራ የእሱ ስም የለም። 158 የሠራ ሰው! ቁጣው አገር አናወጠ። ቶም ካርትራይት ተጎድቶ ሲወጣ ዶሊቬራን ተኩት። የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ይህን ቡድን አልቀበልም አለ፤ ጉዞው ተሰረዘ። ደቡብ አፍሪካ ከ1970 እስከ 1992 አንድም ቴስት አልተጫወተችም። አንድ የስም ዝርዝር ነው ይህን ሁሉ የቀሰቀሰው። ባቩማ ዋንጫ ሲያነሳ እንባዬ የመጣው ይህን ስለማውቅ ነው።

«ከወሎ ሆኖ መከታተል አይቻልም»

ይቻላል። ቪዲዮ ዳታ ይበላል፤ ግን እያንዳንዱን ውርወራ በጽሑፍ የሚተርኩ ገጾች አሉ። ጽሑፍ ስለሆነ ኔትወርክ ደከም ባለበትም ይከፈታል። ጨዋታው ዝግ ስለሚል ሥራ አያስፈታም፤ በየመሀሉ ገባ ብሎ ማየት ነው።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ። ህንድ ላይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት 1 ሰዓት ይጀመራል፤ ሱቅ ስትከፍቱ ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ። እንግሊዝ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ልክ ከምሳ በኋላ። ካሪቢያን 11 ሰዓት ገደማ፣ ከሥራ ስትወጡ። ከባዱ አውስትራሊያ ነው። በየዓመቱ በእኛ ታኅሣሥ 17 ገደማ የሚጀመረው የሜልቦርን ቴስት የሚከፈተው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ለሱብሂ ስትነሱ ምሳቸውን በልተው ተመልሰዋል፤ እስከ 4 ሰዓት ያለውን ቁርስ እየበላችሁ ትደርሱበታላችሁ። አዲስ ጀማሪ ከሆናችሁ 1ኛውን ቀን ተዉት። 4ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግቡ፤ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ የሚያስፈልገው ራን ታውቋል።