«የዕድሜ ልክ ጋራንቲ አለው»፦ ባይናኩላር ስትገዙ ስለምትሰሟቸው ነገሮች

መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ከመኪና ወርዶ ወደ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ የሚወጣ እንግዳ አንገቱ ላይ አዲስ ባይናኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር) ካንጠለጠለ፣ ሰላምታው ሳያልቅ የሚነግረኝን አውቀዋለሁ፦ «የዕድሜ ልክ ጋራንቲ አለው!» ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጡ ሰዎችን ሳስጎበኝ ዓመታት አልፈዋል። ይህን አባባል መስማት ሰልችቶኛል። ብዙ ሰው ገንዘቡን ሜዳ ላይ የሚበትነው ይህችን ቃል አምኖ ነውና።

«ጋራንቲው ረጅም ከሆነ ዕቃው ጠንካራ ነው»

አይደለም። ዋስትና ዕቃው ሲበላሽ ኩባንያው ምን እንደሚያደርግ የሚገባው ቃል ነው። አይበላሽም ማለት አይደለም። ርካሽ ዕቃ ላይ ረጅም ዋስትና መጻፍ አምራቹን ብዙም አይጎዳውም። ተመልሶ የመጣውን በአዲስ ይለውጣል። ሩቅ አገር ያለው ገዢ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም።

ደግሞስ የማን ዕድሜ ልክ ነው? አንዳንዱ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ገዢ ብቻ ነው፤ ደረሰኝም ይጠይቃል። ሌላው ዋስትናውን በተገዛበት አገር ይወስነዋል። የአሜሪካው ቮርቴክስ በዚህ በኩል ለጋስ ነው። ደረሰኝ አይጠይቅም፤ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍም ዋስትናው አብሮት ይሄዳል። እሱም ቢሆን የጠፋን፣ የተሰረቀንና ሆን ተብሎ የተሰበረን አይሸፍንም።

እኔው ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የእህቴ ባል ከውጭ 10 በ50 ባይናኩላር (10 ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ላከልኝ። ሣጥኑ ላይ «የዕድሜ ልክ ዋስትና» የሚል ተጽፎበታል። ክረምቱ ሳይወጣ ውስጡ ጉም ለበሰ። ለኩባንያው ኢሜይል ጻፍኩ። በትሕትና መለሱልኝ፦ ደረሰኙን አያይዘህ፣ የመላኪያውን ከፍለህ ላክልን። ደረሰኙ የለም። የመላኪያውን ዋጋ ስጠይቅ ባይናኩላሩ ከተገዛበት ብዙም አይተናነስም። ሲመለስ ደግሞ የጉምሩክ ጣጣ አለ። ተውኩት። እስከ ዛሬ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

አባቴ የተዉልኝ የደርግ ዘመን የሶቪየት 8 በ30 ግን ጋራንቲ የሚባል ነገር የለውም። አንድ ቀን ከበቅሎ ጭነት ላይ ወድቆ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት አድርጎ ያሳየኝ ጀመር። አዲስ አበባ ወስጄው አንድ የካሜራ ጠጋኝ ከፍቶ ፕሪዝሙን (ውስጡ ያለውን ብርሃን የሚያጥፍ መስታወት) አስተካከለልኝ። አሁንም በእሱ ነው የምሠራው። እዚሁ አገር የሚጠገን ዕቃ፣ ባሕር ማዶ ካለ ዋስትና ይበልጥብኛል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ቢበላሽ የት ነው የምመልሰው?» በሉ። ባለሱቁ ዋስትናውን ማኅተም አድርጎ በወረቀት ይስጣችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ደረሰኝ ከሌላችሁ ግን ምን ይዛችሁ ትጠይቃላችሁ? ደረሰኙን ተቀበሉ፣ ዕቃውንም ቶሎ ፈትኑት። ሩቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ላይ አነጣጥሩ። መስመሩ ሁለት ከሆነ፣ ወይም ትንሽ ቆይቶ ራሳችሁን ካመማችሁ መልሱት።

«ታዋቂ ብራንድ ከሆነ በቃ»

ያው ኩባንያ ርካሹንም ውዱንም ይሸጣል። ስሙ አንድ ነው፣ ጥራቱ ለየቅል። ርካሾቹን ብዙ ጊዜ ሌላ ፋብሪካ ነው የሚሠራለት። ገበያ ውስጥ ደግሞ አርማ መለጠፍ ቀላል ነው። የብራንዱን ስም ብቻ አትጠይቁ፤ ሞዴሉንም ጠይቁ፣ ያን ሞዴል የተጠቀመ ሰውም ፈልጉ።

«ቁጥሩ ሲበዛ ይሻላል»

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ነፋሱ ቀጥ አድርጎ አያስቆማችሁም። 20 ጊዜ የሚያቀርብ ባይናኩላር የእጃችሁን መንቀጥቀጥም 20 ጊዜ ነው የሚያጎላው። 8 በ42 ማለት 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። 42ን ለ8 አካፍሉ፤ 5.25 ይመጣል። ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ይህ ነው። 20 በ50 ከሆነ 2.5 ብቻ ነው። ጎህ ሲቀድ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። «100 ጊዜ ያቀርባል» ያሏችሁን ጭራሽ አትንኩት።

«ቀይ መስታወት በጨለማ ያሳያል»

አያሳይም። ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ መልሶ ምስሉን ያደበዝዘዋል።

«ጉም ከያዘው ተበላሽቷል»

ከጓሳ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ መስታወቱን ከላይ ጉም ቢይዘው ብልሽት አይደለም። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ጉሙ ከውስጥ ከሆነ ግን እርጥበት ገብቶበታል። 15ቱ ቀን ሳያልቅ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ።