የስፓኒሽ «ኢመደበኛ ግስ» ምንድን ነው?

ስፓኒሽ ስለ መማር በተወራ ቁጥር አንድ ሰው ብድግ ይልና «ተዉት ባካችሁ፣ ግማሹ ግስ ኢመደበኛ ነው፣ ሕግ የለውም» ይላል። ሰሞኑንም አንዱ ይህንኑ ጽፎ አየሁ። ማስረጃው ደግሞ «ኮንታር» ነው። ወንድሜ፣ ኮንታር እኮ ሕግ አክባሪ ግስ ነው!

እርባታ ምን እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ አላስረዳም። «በላሁ» ብሎ «እኔ»ን የሚተው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ስፓኒሽም ባለቤቱን የግሱ መጨረሻ ላይ ይለጥፋል። አብላር መናገር ነው። አብሎ፣ እናገራለሁ። አብላስ፣ ትናገራለህ። ትናገሪያለሽም ያው አብላስ ነው፣ እዚህ ወንድና ሴት አይለይም። አንድ ራስ ምታት ተቀነሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ ኮንታር። መቁጠርም ነው፣ መተረክም ነው። ሲረባ እንዲህ ይሄዳል፦ ኴንቶ፣ ኴንታስ፣ ኴንታ፣ ኮንታሞስ፣ ኮንታይስ፣ ኴንታን። ቅጥያዎቹን እዩዋቸው። ከአብላር ቅጥያዎች በምንም አይለዩም። የተለወጠው መሃል ላይ ያለው አናባቢ ብቻ ነው። አራት ቦታ «ኮ» ወደ «ኴ» ዞሯል፣ «እኛ» እና «እናንተ» ላይ ግን አልዞረም። ለምን?

መልሱ ጫና ነው። ከቃሉ ውስጥ ጎላ ብሎ የሚሰማው ክፍል ማለቴ ነው። ማጥበቅ አላልኩም! ማጥበቅ የተነባቢ ጉዳይ ነው፣ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው በጣም ብዙ ነው። ኴንቶ ስንል ጫናው «ኴ» ላይ ያርፋል። ኮንታሞስ ስንል «ታ» ላይ። አናባቢውን እንደ ጣውላ ድልድይ አስቡት። ጭነት ሲያርፍበት ይጎብጣል፣ ጭነቱ ሲያልፍ ቀጥ ይላል። «እኛ» እና «እናንተ» ላይ ጭነቱ ወደ ቅጥያው ተሻግሯል፣ ጣውላውም አልተነካም።

ሁሉም ጣውላ ደግሞ አይጎብጥም። ፔርዴር (ማጣት) ፒዬርዶ ይሆናል። ዴቤር (ዕዳ መኖር) ግን ዴቦ ብሎ ይቀራል። የእንጨቱ ጉዳይ ነው። በላቲን ዘመን የመጀመሪያው «ኤ» አጭር፣ የሁለተኛው ረጅም ነበር። አጭሩ ጫና ሲያርፍበት ተሰበረ፣ ረጅሙ ቻለው። በኋላ ዘመን ተመሳስለው የገቡ እንጨቶችም ስላሉ ይህ ሁሌ አይሠራም።

«ይህ የአንተ ፈጠራ ነው» የሚለኝ ካለ ወደ አርጀንቲና ይሂድ። እዚያ «አንተ» የሚባለው «ቦስ» ነው፣ ግሱም «ኮንታስ» ይሆናል። ጫናው መጨረሻው ላይ ስለሆነ «ኴ» የለም። በነገራችን ላይ ኮንታይስ በዋናነት የስፔን ነው። ላቲን አሜሪካ ውስጥ «እናንተ»ም ኴንታን ነው። በደርግ ጊዜ ኩባ ሄዶ የተማረ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት።

ከግስ ውጭም ያው ነው። ሰባት ሲዬቴ፣ ሰባ ግን ሴቴንታ። ዘጠኝ ኑዌቤ፣ ዘጠና ኖቤንታ። የቬኔዙዌላ ሰው እንኳን ቬኔሶላኖ ነው የሚባለው፣ ጫናው ወደ «ላ» ስለሄደ «ዌ» ጠፋች። ታዲያ ይህ ሁሉ ኢመደበኛ ግስ ነው?

ሌላም ስም ማጥፋት አለ። ፓጋር መክፈል ነው፣ ፓጌ ከፈልኩ። ይህንንም ኢመደበኛ ይሉታል። በፊደላችን ጻፉት እስቲ፤ «ጋ» ወደ «ጌ» ሄደ፣ በቃ። በላቲን ፊደል ግን መሃል ላይ አንዲት «ኡ» ትጨመራለች፣ ያለዚያ «ኼ» ተብሎ ይነበባል። የተለወጠው አጻጻፉ ነው፤ እርባታው ምንም አልሆነም።

እውነተኞቹ ኢመደበኞች ጥቂት ናቸው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ከአፍ አይወርዱም። ሴር (መሆን) እና ኢር (መሄድ) ዋነኞቹ ናቸው። ኢር መልኩን ከተለያዩ የላቲን ግሶች ለቃቅሞ ነው የመጣው። እሄዳለሁ ለማለት ቦይ፣ ሄድኩ ለማለት ፉዊ። ያው ፉዊ ደግሞ «ነበርኩ» ማለትም ነው። እነዚህን መሸምደድ ነው፣ ሌላ መላ የለም።

የትኛው ግስ እንደሚጎብጥ መዝገበ ቃላት ላይ ካለው መልክ ብቻ አይታወቅም። ስለዚህ አዲስ ግስ ስትጽፉ «እኔ» የሚለውን አብራችሁ ጻፉ፦ ኮንታር፣ ኴንቶ። እሷን ከያዛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሌሎቹን ራሳችሁ ታወጧቸዋላችሁ።

በ«ኢር» ከሚያልቁት አንዳንዶቹ ግን ያስቸግራሉ። ዶርሚር (መተኛት) ዱዌርሞ ሲሆን ሕጉን ጠብቋል። «እሱ ተኛ» ለማለት ግን ዱርሚዮ ነው፤ ጫናው መጨረሻው ላይ ሆኖ ሳለ «ኦ» ወደ «ኡ» ዞሯል። የጣውላው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም፣ የዚህ ሕግ ሌላ ነው።