ኦሚዋታሪ ምንድን ነው?

በጃፓን ናጋኖ ግዛት፣ በተራሮች መካከል፣ ሱዋ የሚባል ሐይቅ አለ። በሺንቶ እምነት መሠረት በሐይቁ ደቡብ በኩል ታኬሚናካታ የተባለው አምላክ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ ሚስቱ ያሳካቶሜ በየቤተ መቅደሳቸው ይኖራሉ። ብርዱ ጠንክሮ ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሲጋገር ባልየው በበረዶው ላይ ተራምዶ ሚስቱን ሊጠይቅ ይሻገራል። ያለፈበት መንገድ ጠዋት ላይ በሐይቁ የተዘረጋ የበረዶ ሸንተረር ሆኖ ይታያል። ኦሚዋታሪ የሚባለው ይህ የአምላክ ዱካ ነው።

ሳይንስም የራሱ ማብራሪያ አለው። ሌሊት ብርዱ ሲበረታ በረዶው ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃም ይጋገራል። ቀን ሞቅ ሲል በረዶው ይለጠጣል፤ መሄጃ ሲያጣም በስንጥቁ መስመር ሽቅብ ተገፍቶ ይቆለላል። ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል።

ካህናቱ ሐይቁ የተጋገረበትንና አምላኩ የተሻገረበትን ቀን መመዝገብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1443፣ በእኛ አገር ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን ነው። የፈለጉት ከዱካው አቅጣጫ የዓመቱን አዝመራና የአገሩን ዕጣ ለማንበብ እንጂ የሙቀት መረጃ ለመሰብሰብ አልነበረም። ዛሬ ግን ይህ መዝገብ በተመራማሪዎች እጅ የአየር ንብረት ለውጥ ምስክር ሆኗል። በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያዎቹ 250 ዓመታት ሐይቁ ሳይጋገር የቀረው 3 ጊዜ ብቻ ነው። ከ1955 እስከ 2004 ባሉት 50 ዓመታት 12 ጊዜ፣ ከ2005 እስከ 2014 ባሉት 10 ዓመታት ደግሞ 5 ጊዜ ሳይጋገር ቀርቷል። ከ2018 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ዱካው አንድም ጊዜ አልታየም።

አምላኩ ባለመሻገሩ የተራበ ሰው የለም፤ የፈረሰ ቤትም የለም። ስለዚህ ጉዳቱ በገንዘብ ተሰልቶ አይቀርብም። በዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ድርድሮች እንዲህ ያለው ነገር «ኢኮኖሚያዊ ያልሆነ ኪሳራ» በሚል ርእስ ሥር ይነሣል። ስሙ ደረቅ ነው፤ ሰዎች ለዘመናት አምላካቸውን በዓይናቸው ያዩበት ምልክት ሲጠፋ ምን እንደጎደለባቸው አይናገርም። ሐይቁ ዛሬም እዚያው አለ፣ ቤተ መቅደሶቹም ቆመዋል፤ የተቋረጠው በመካከላቸው የነበረው መንገድ ነው።

አምልኮው ግን አልቆመም፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። ዛሬ መዝገቡን የሚይዙት የያትሱሩጊ ቤተ መቅደስ ካህንና የምእመናን ተወካዮች ከታኅሣሥ መገባደጃ እስከ ጥር መገባደጃ በየቀኑ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። የውኃውን ሙቀት ይለካሉ፤ ስስ በረዶ ካለም ሰብረው ውፍረቱን ያያሉ። ወቅቱ ያለ በረዶ ሲያልፍ ሐይቁ «አኬ ኖ ኡሚ»፣ ማለትም ክፍት ባሕር፣ መሆኑ ይታወጅና ያም እንደ መሻገሩ ሁሉ በዚያው መዝገብ ይሰፍራል።