የእንቁራሪት አስተኔዎችን መመናመን ለመግታት ቅድሚያ የሚሹ ጥናቶች

እንቁራሪት፣ ጉርጥ፣ ሳላማንደርና እግር አልባዎቹ ሴሲሊያኖች በአንድነት እንቁራሪት አስተኔ ይባላሉ። ከአከርካሪ አጥንት ካላቸው የእንስሳት ምድቦች ሁሉ የመጥፋት አደጋ አብዝቶ ያንዣበበው በእነሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ዓለም አቀፍ ግምገማ 8,011 ዝርያዎችን መርምሮ 41 በመቶ ያህሉ ለአደጋ መጋለጣቸውን አሳይቷል።

ከስጋቶቹ ቀዳሚው የደንና የረግረግ መሬት መውደም ነው። በዚህ ረገድ የሚጎድለው እውቀት ሳይሆን እርምጃ ነው፤ የተመራማሪ ጉልበት ይበልጥ የሚያስፈልገው ፈንገስ በሚያመጣው በሽታ ላይ ነው። ኪትሪድ የተባለው ፈንገስ ቆዳቸውን ያጠቃል። እንቁራሪት ውኃና ማዕድን የምታስገባው በቆዳዋ በመሆኑ በደሟ ውስጥ ያለው ሶዲየምና ፖታሲየም ይዛባና ልቧ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ፈንገሱ ቢያንስ 501 ዝርያዎችን እንዳመነመነና ከእነሱም 90ዎቹ ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ገምቷል።

ስለ በሽታው ብዙ ተጽፏል፤ በዱር ውስጥ የተሞከረ ፈውስ ግን ጥቂት ነው። ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባውም ይኸው ሙከራ ነው። በስፔኗ ማዮርካ ደሴት ተመራማሪዎች እጮቹን በፀረ ፈንገስ መድኃኒት አክመው፣ ኩሬዎቹን አድርቀውና በኬሚካል አጽድተው ፈንገሱን ማስወገድ ችለዋል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር። ያ የተሳካው ኩሬዎቹ ጥቂትና የተነጠሉ ስለነበሩ ነው፤ በሰፊ ደን ውስጥ አይሞከርም። በአውስትራሊያ ደግሞ ፀሐይ የሚያሞቃቸው ቀዳዳ ጡቦች ውስጥ የተጠለሉ እንቁራሪቶች ከኢንፌክሽኑ ነፃ ወጥተዋል፤ ከዚያም በኋላ ፈንገሱን የመቋቋም አቅማቸው ጨምሯል። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ለየትኞቹ ሌሎች ዝርያዎች እንደሚሠራ መፈተሽ አለበት።

አርብቶ መልሶ መልቀቅም ብርቱ ጥናት ይሻል። የታንዛኒያዋ የኪሃንሲ ጉርጥ ትኖር የነበረው በፏፏቴ ርጭት በሚርስ ጠባብ ሸለቆ ነው፤ ግድብ ተሠርቶ ውኃው ሲቀንስ፣ ፈንገሱም ሲጨመርበት ከዱር ጠፋች። በአሜሪካ መካነ አራዊት የተወለዱ ዘሮቿ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ወደ ሸለቆው ተመልሰዋል። የተለቀቁት ለምን እንደሚሞቱ ወይም እንደሚተርፉ ለዓመታት ካልተከታተሉ መልቀቁ ብቻውን ዋጋ የለውም።

እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ሁኔታቸው ከተባባሰባቸው ዝርያዎች 39 በመቶ ለሚሆኑት ዋናው ምክንያት የአየር ንብረት ለውጥ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዝርያ ምን ያህል ሙቀትና ድርቀት እንደሚችል መለካት ያስፈልጋል።

ስለ አንዳንዶቹ ደግሞ መነሻ መረጃ እንኳ የለም። ከውኃ ናሙና ዘረመል መለየት ብርቅ እንቁራሪቶችን ለማግኘት ረድቷል፤ ለሴሲሊያኖች ግን አብዛኞቹ ኑሯቸው ከመሬት በታች ስለሆነ እምብዛም አይጠቅምም፤ እነሱን ለማግኘት አፈር መቆፈር ግድ ነው።