«ያልተሠራበት ዕቃ ይመለሳል» ሲባል ምን ማለት ነው?

የመሣሪያ ሱቅ ደረሰኝ ላይ ያለው ይህ ሐረግ ብዙ ሰው ያጨቃጭቃል። ካርቶኑ መከፈቱ ብቻውን ብዙ ጊዜ ችግር አይደለም፤ ሻጩ የሚፈልገው የሥራ ምልክት ነው። የድሪሉ አፍ ላይ ጭረት፣ በሞተሩ መተንፈሻ ቀዳዳዎች የገባ የሲሚንቶ ብናኝ፣ የመጋዙ ጥርስ ላይ የተጣበቀ የእንጨት ሙጫ ከተገኘ «ተሠርቶበታል» ይባላል። በቤንዚን የሚሠራ ከሆነማ አንዴ ነዳጅ ከገባበት፣ ባይነሳም እንኳ፣ ብዙ ሱቆች አይቀበሉትም፤ ታንከሩ ውስጥ የሚቀረው ትነት መጋዘን ውስጥ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ስለዚህ ሳያበሩት በፊት በእጅዎ ይዘው ክብደቱንና አያያዙን ይሞክሩት። ባትሪው፣ ቻርጀሩና የጎን እጀታው ሳይጎድል ይመልሱ። መሣሪያው ላይ ያለው መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ሁለት ተመሳሳይ ዕቃ የገዛ ሰው ካርቶን ሊያቀያይር ይችላል፣ ሱቁም ቁጥሩ አይገጥምም ብሎ ላይቀበለው ይችላል።

ዋስትና ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው አምራቹ ነው፤ የሚሸፍነውም ብልሽትን እንጂ ሐሳብ መቀየርን አይደለም። ውጤቱም በአብዛኛው ጥገና ወይም ቅያሪ ነው። የተበላሸውን ራስዎ ብሎን ፈትተው ከከፈቱት ግን መመለሱንም ዋስትናውንም ሊያጡ ይችላሉ።